«ሊጋንድ»ን ምን እንበለው?
«ሊጋንድ»ን (ከብረት አቶም ጋር የሚተሳሰረውን ሞለኪውል ወይም አዮን) «ማጣበቂያ» ብለው ሲተረጉሙት ቅር ይለኛል፤ ሙጫ ነው የሚመስለው። ሥሩ «ማሰር» የሚል የላቲን ግስ ሲሆን፣ ጀርመናዊው ኬሚስት አልፍሬድ ስቶክ ቃሉን በ1916 እ.ኤ.አ. ተጠቀመበት። «አሳሪ» ማለትም ይከብደኛል፤ ሊጋንድ ለብረቱ ኤሌክትሮን የሚለግስ ነውና። ዳይኢሚን የተባለውን ሊጋንድ እንይ፦ በሁለቱ ናይትሮጅኖቹ ኒኬልን ወይም ፓላዲየምን እንደ አንጥረኛ ጉጠት ግራና ቀኝ ይይዛል። በ1995 እ.ኤ.አ. የኬሚስቱ የሞሪስ ብሩክሃርት ቡድን በዚህ አያያዝ ከኤቲሊን ረጃጅም ፖሊመር ሠራ፤ ናይትሮጅኖቹ ላይ የተተከሉት ግዙፍ ቀለበቶች ሰንሰለቱ ቶሎ እንዳይቋረጥ ይከላከላሉ። እንዲህ ያለው አያያዝ «ኪሌት» መባሉም ከሸርጣን መቆንጠጫ የግሪክ ስም ነው። እኔ ለጠቅላላው «ያዥ» እላለሁ (ገንዘብ ያዥ እንደምንለው)፤ ዳይኢሚንን ለመሰለው ደግሞ «ባለ ጉጠት ያዥ»።