የጎንደር አደባባይና ሜዳ፦ ከጉግስ እስከ ፋሲል ከነማ

ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን መናገሻቸው ሲያደርጉ ግቢያቸውን በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ባለው ከፍታ ላይ ሠሩ። ተከታዮቹ ነገሥታትም በዚያው ግቢ ውስጥ የየራሳቸውን ግንብ እየጨመሩ ሄዱ። ግቢውን የከበበው ቅጥር 900 ሜትር ያህል ይረዝማል። የ12ቱ በሮቹ ስሞች በግቢው ማን ምን ይሠራ እንደነበር ይናገራሉ፤ ወንበር በር የዳኞች፣ እምቢልታ በር የነፊዎች፣ ባልደራስ በር ደግሞ የፈረሰኞች አለቃ በር ነበሩ። ከፊት በር ውጭ አደባባዩና ታላቁ የጃን ተከል ዋርካ አሉ። በዚህ ስፍራ አዋጅ ይነገር፣ ሙግት ይሰማ፣ ፍርድ ይፈጸም ነበር፤ በበዓል ቀን ደግሞ ሕዝብ ለጨዋታ ይሰበሰብ ነበር። የጎንደር ፖለቲካና ስፖርት ከጥንት ጀምሮ ጎረቤት ሆነው የኖሩት ስለዚህ ነው።

ከጨዋታዎቹ ሁሉ ለመንግሥት ቅርብ የነበረው ጉግስ ነው። ፈረሰኞች ለሁለት ተከፍለው ይሰለፋሉ። ከአንዱ ወገን የወጣው ሽምጥ ሲጋልብ የሌላው ወገን ፈረሰኛ ይከተለውና ዘንጉን ይወረውርበታል። ተባራሪው ጋሻውን ወደ ጀርባው አዙሮ ይመክታል፣ ወይም በፈረሱ አንገት ላይ ተደፍቶ ዘንጉን ያሳልፋል። ወዲያው ይዞርና አባራሪ የነበረው በተራው ተባራሪ ይሆናል። ጉግስ በጥምቀት፣ በመስቀልና በሠርግ ቀን ደስታ ማድመቂያ ሲሆን ለወታደሩ ደግሞ ልምምድ ነበር። መኳንንት ማን ደፋር፣ ማን ፈረስ አዋቂ እንደሆነ የሚለዩት በዚህ ነበር። ፈረስ የክብር ምልክት በመሆኑ ሹማምንትና ጀግኖች በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር፤ የቋራው ካሳ (በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ) «አባ ታጠቅ» የተባሉት በዚሁ ልማድ ነው። በፋሲል መዋኛ አጠገብ ያለው ትንሽ ሕንፃም ዞብል የተባለው የንጉሥ ፈረስ መቃብር ነው ይባላል።

የገና ጨዋታ በአንጻሩ የእግረኛው ነው። ወጣቶች ጫፉ የቆለመመ ዱላ ይዘው ሩሯን (ኳሷን) ወደ ተጋጣሚ ክልል ለማሳለፍ ይታገላሉ። ቡድን የሚለየው በሰፈር፣ በአጥቢያ ወይም በመንደር ነው። በገና ቀን ጌታና ሎሌ አንድ ሜዳ ላይ ይጋጠሙ ነበር፣ በጨዋታ መካከል ለተሰነዘረ ዱላ ወይም ቀልድም ጌታው አይቆጣም ነበር። ማዕረግ በጠበቀበት ማኅበረሰብ ውስጥ ይህ የአንድ ቀን እኩልነት ቀላል ነገር አልነበረም።

በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ የፈረስና የጋሻ ዘመን መናወጥ ጀመረ። የትግራዩ ራስ ሚካኤል ስሑል በጠመንጃ ኃይላቸው ጎንደርን ተቆጣጥረው በ1761 ዓ.ም. ዐፄ ኢዮአስን አስገደሉ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ሲደርስ ያገኘው ይህን ቤተ መንግሥት ነው። ብሩስ በፈረስ ግልቢያው ተደንቆ በጊዜው የነበረው ንጉሥ ባለሟልና የአንድ ፈረሰኛ ጦር አለቃ ሆነ። በመጽሐፉ እንደተረከው ከአንድ የራስ ሚካኤል ዘመድ ጋር በጠመንጃ ተፎካክሮ በጥይት ፋንታ ቁራጭ የሞራ ሻማ አጎረሰና ተኩሶ ሦስት ጋሻ በአንድ ጊዜ በሳ። ለተመልካቾቹ ጨዋታ ነበር፤ ነገር ግን በጉግስ ሜዳ ሰው የሚታመንበት ጋሻ በጦር ሜዳ ዘመኑ እያለፈ መሆኑን ያሳያል። በአደባባዩ የሚፈጸመውን ተደጋጋሚ የሞት ፍርድና ሬሳዎቹ ሳይቀበሩ መቅረታቸውንም ያው ብሩስ በሐዘን ጽፎታል።

ከዚያ የተከተለው፣ መሳፍንት ለሥልጣን የተፋለሙበት ዘመነ መሳፍንት በ1847 ዓ.ም. ካሳ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው በደረስጌ ማርያም ሲነግሡ አበቃ። መናገሻው ግን ወደ ደብረ ታቦርና ወደ መቅደላ ዞረ፤ ጎንደርም በ1859 ዓ.ም. በዚያው ንጉሥ ጦር ተዘረፈች፣ ተቃጠለች። በ1880 ዓ.ም. ደግሞ የሱዳን ማህዲስት ሠራዊት የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል ነሥቶ ከተማዋንና አብያተ ክርስቲያናቷን አቃጠለ። ጣሊያን መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ሲገባ ጎንደርን የአማራ ግዛት ዋና ከተማ አደረጋት፤ ፒያሳን፣ ፖስታ ቤቱንና ሲኒማውንም ሠራ። የጣሊያን ጦር በኢትዮጵያ የመጨረሻ ትልቅ ምሽጉ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እዚሁ ጎንደር ተሰበረ።

ከነፃነት በኋላ የከተማ ወጣት ጨዋታ እግር ኳስ ሆነ። ኢትዮጵያ ከግብጽ፣ ከሱዳንና ከደቡብ አፍሪካ ጋር የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ መሠረተች። ደቡብ አፍሪካ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀሉበት ቡድን አላቀርብም በማለቷ ከመጀመሪያው ዋንጫ ታገደች፤ የአህጉሩ ኳስ ከልደቱ ጀምሮ ፖለቲካ ነበረበት። ኢትዮጵያ በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ አነሣች። የጎንደሩ ፋሲል ክለብ የተመሠረተው ከዚያ ስድስት ዓመት በኋላ በ1960 ዓ.ም. ነው። «ከነማ» የሚለው ቅጥያ «የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር» ከሚለው የደርግ ዘመን ስያሜ ያጠረ ነው። ሌሎች ክለቦች ስማቸውን «ከተማ» ወደሚል ሲለውጡ ፋሲል ግን ከነማ እንደተባለ ቀረ። ደጋፊው «ዐፄዎቹ» ይለዋል፤ የከተማዋ መሥራች ንጉሥ ስም በዚህ መንገድ በየሳምንቱ በስታዲየም ይጠራል።

በ2008 ዓ.ም. ሌላው የጎንደር ክለብ ዳሽን ቢራ ሲወርድ ፋሲል ወደ ፕሪሚየር ሊግ ወጣ። ያ ዓመት በከተማዋ ታላቅ የተቃውሞ ሰልፍ የተካሄደበትና የክልሎች ወሰን ጥያቄ የጋለበት ነበር። ቁጣው ወደ ስታዲየምም ገባ፤ በአማራና በትግራይ ክለቦች መካከል የሚደረግ ጨዋታ ለጸጥታ አስጊ ሆነ። ለቅሬታ መተንፈሻ ሌላ አደባባይ ያልነበረው ወጣት የኳስ ሜዳውን አደባባይ አደረገው። ፋሲል ግን በኳሱ እየገፋ በ2011 ዓ.ም. ሊጉን ለጥቂት በመቐለ 70 እንደርታ ተነጥቆ የኢትዮጵያ ዋንጫን ወሰደ።

የመጀመሪያው የሊግ ዋንጫ የመጣው በ2013 ዓ.ም. በአሠልጣኝ ሥዩም ከበደ ነው። በኮሮና ምክንያት ውድድሩ በተመረጡ ከተሞች ብቻ ስለተካሄደ ፋሲል ሻምፒዮን የሆነው ጎንደር ላይ ሳይጫወት ነው። በዚያው ዓመት በሰሜን ጦርነት ፈነዳ፤ የትግራይ ክለቦች ከሊጉ ጠፉና ውድድሩ በ13 ቡድኖች ተካሄደ። ታሪካዊው ድል የጎደሉ ተጋጣሚዎች ዓመትም ነበር።

ለሻምፒዮኑ ፋሲል በ2014 ዓ.ም. በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ የደረሰው የኦምዱርማኑ አል ሂላል ነው። ኦምዱርማን ጎንደርን ያቃጠለው የማህዲስት መንግሥት መናገሻ የነበረች ከተማ ናት። ባሕር ዳር ላይ 2 ለ 2፣ ኦምዱርማን ላይ 1 ለ 1 ተለያዩ፤ ከሜዳ ውጭ በተቆጠረ ግብ አል ሂላል አለፈ። በመተማ በኩል ጦር የተላለፉት ሁለት ከተሞች በዚህ ጊዜ የተገናኙት በኳስ ነው፤ የተሸነፈውም ወገን የከፈለው ዋጋ ከውድድር መውጣት ብቻ ነበር።

ጉግስ አሁንም በጥምቀት ሰሞን ይታያል። ሰው ለሁለት ተከፍሎ የሚጋጠምበት፣ ዘንግ የወረወረው ተመልሶ ዘንግ የሚመክትበት፣ ማታ ሁሉም ወደ ቤቱ የሚገባበት ሥርዓት ለጎንደር የቆየ ዕውቀት ነው። ከተማዋ ከጦርነት የተማረችው ብዙ ነው፤ ከጨዋታ የተማረችው ይህ ደግሞ ከዚያ አያንስም።