ትራክተሩን የሚነዳው ማን ነው?

አንድ የቀድሞ ተማሪዬ «አሜሪካ ገበሬ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ አያስፈልገውም አሉ፤ እኛስ?» አለኝ።

ልክ ነው፣ ገደብ ግን አለው። እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ ግዛቶቹ ገበሬውን፣ ቤተሰቡንና ሠራተኛውን ነፃ ማድረግ ይችላሉ፤ የእርሻውን እህልና ማሽን ከእርሻው 240 ኪሎ ሜትር ሳይርቅ ሲጭን። ለኪራይ ሥራ አይሆንም።

ባሌ ላይ ታሪኩ ሌላ ነው። በደርግ ዘመን ትራክተርና ኮምባይነር በመንግሥት እርሻዎች ሲስፋፋ ሹፌሩ ደመወዝተኛ ነበር። ዛሬም የሲናና ገበሬ ብዙው ማሽን ተከራይቶ ነው የሚያሳጭደው፤ ኮምባይነሩ አርሲን ጨርሶ ወደ ሮቤ ይመጣል። (ባሌ በዓመት ሁለቴ ስለሚያመርት ሥራው አይጠፋም!) በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 600ም ለተንቀሳቃሽ መሣሪያ የራሱን የፈቃድ ምድብ ሰጠ።

እና «ገበሬ ነፃ ነው» ብንል፣ ከሮቤ ጎባ ስንዴ የሞላ ተሳቢ የሚጎትተውን ልጅ አይመለከተውም። እሱ የማሽኑ ባለቤት ቅጥር ነው።