ጠበቃና አስተርጓሚ በጂንካ ችሎት

ከደቡብ ኦሞ ሕዝቦች መካከል ሙርሲዎች የጋራ ጉዳያቸውን የሚመክሩት በአደባባይ ስብሰባ ሲሆን፣ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ያጠናቸው አንትሮፖሎጂስቱ ዴቪድ ተርተን እንዳሳየው፣ ወንዶቹ ተራ በተራ እየተነሡ ይናገራሉ፤ ንግግር ያማረለትም ተሰሚነት ያገኛል። ስለዚህ የጥብቅና ሙያ ለአካባቢው ይዞት የመጣው አዲስ ነገር አንደበተ ርቱዕነት ሳይሆን፣ በመንግሥት ፈቃድና በክፍያ ስለ ሌላው ሰው መናገር ነበር።

የደቡብ ኦሞዋ ጂንካ በጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት የገለብና ሐመር ባኮ አውራጃ ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን፣ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3347 በሕጉ የተሸፈኑትን ጉዳዮች የሚመለከቱ ልማዶችን ሽሮ ነበር። የመጀመሪያው የሕግ ፋኩልቲ በአዲስ አበባ የተከፈተው በ1956 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የነበረው ጠበቃ በአብዛኛው ሙያውን የቀሰመው ከችሎት ነው፤ በላ ልበልሃ የተባለውን ባህላዊ የቃል ሙግት በለመደ አገር ይህ እንደ ነውር አይቆጠርም።

ዛሬ መንገዱ በሕግ ዲግሪ፣ በሥራ ልምድና በፈተና ያልፋል። የፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ጠበቆች ተሰባስበው የጥብቅና ድርጅት እንዲያቋቁሙ የፈቀደ ሲሆን፣ በክልል ፍርድ ቤት ለመቆም ግን ፈቃዱ የሚጠየቀው ከክልሉ ነው። እንግሊዞች ተሟጋቹን ከሰነድ አዘጋጁ ለይተው በሁለት ሙያ ሲያደራጁ፣ የኢትዮጵያው ጠበቃ ውል ያረቅቃል፣ ያማክራል፣ ይከራከራል።

16 ብሔረሰቦች እንዳሉበት በሚነገርለት በደቡብ ኦሞ ግን፣ የችሎቱ ቋንቋ አማርኛ በመሆኑ፣ አስተርጓሚው ከጠበቃው ይቀድማል፤ ደንበኛውን ያልሰማ ጠበቃ ምን ብሎ ይከራከራል? የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ለተከሳሽ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚን፣ አቅም ለሌለውና ያለ ጠበቃ ፍትሕ ሊጓደልበት ለሚችልም ተከላካይ ጠበቃን ያረጋገጠው በአንድነት ነው።

ከቋንቋው ሌላ የሽማግሌዎች ዕርቅም አለ፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ለባህላዊ ሕግ በር የከፈተው በተከራካሪዎች ፈቃድ ለሚታዩ የግልና የቤተሰብ ጉዳዮች ብቻ በመሆኑ፣ ሽማግሌዎች በከብት ካሳ ያስታረቁት የግድያ ጉዳይ ከዐቃቤ ሕግ እጅ አይወጣም። ሆኖም የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 82 ጥፋትን አምኖ መጸጸትንና ጉዳትን መካስን በቅጣት ማቅለያነት ስለሚቀበል፣ ተከላካይ ጠበቃው የሽማግሌዎቹን ዕርቅ ለዳኛው በዚሁ አንቀጽ ሥር ሊያቀርበው ይችላል።