መዳብ፣ ነሐስና ናስ፤ የስሞቹ ታሪክና የማዕድናቱ አገልግሎት

አንድ ተርጓሚ ስለ ኤሌክትሪክ መስመር ዝርጋታ በሚጽፈው የሙያ መጽሐፍ ውስጥ በመዳብ ሽቦ ፈንታ «የናስ ሽቦ» ቢል ንባቡ አይሰናከልም፤ ሥራው ግን ይሰናከላል። ናስ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ችሎታው የንጹሕ መዳብን ሩብ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ በቃሉ ተመርቶ ሽቦውን የመረጠ ሠራተኛ መስመሩ ከልክ በላይ ሲግልበት ያያል። በአማርኛ መዳብ፣ ነሐስና ናስ አንዱ በሌላው ቦታ ሲገቡ ቆይተዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የመደበላለቁን ምንጭ በታሪክ መርምሮ ስሞቹን እንደየአገልግሎታቸው መለየት ነው።

በግዕዝ «ብርት» መዳብንም ከመዳብ የሚሠሩትን ቅይጦችም ያጠቃልላል። ብረት በግዕዝ «ኀጺን» ይባላል፤ ትግርኛም «ሓጺን» በማለት ይህንኑ ጠብቋል። በአማርኛ ግን ከብርት ጋር የሚዛመደው ቃል ወደ ኀጺን ትርጉም ተሻግሮ «ብረት» ሆነ። «ነሐስ» እና «ናስ» ደግሞ ከዐረብኛው «ኑሓስ» እና ከዕብራይስጡ «ነሖሼት» ጋር ይዛመዳሉ። ዐረብኛው መዳብን ሲሰይም፣ ዕብራይስጡ መዳብንም ነሐስንም ይሰይማል። ስለዚህ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ሙሴ የሠራው እባብ «የናስ እባብ» ቢባልም፣ መነሻው ቃል የማዕድኑን ዓይነት ለይቶ አይናገርም። ላቲንም ቢሆን መዳብንና ነሐስን በአንድ ስም ሲጠራ ኖሮ፣ መዳብን ለመለየት «የቆጵሮስ ማዕድን» እስከ ማለት ደርሷል፤ ዛሬ በብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች የሚገኘው የመዳብ ስም ከዚሁ ከደሴቲቱ ስም የወጣ ነው። ችግሩ እንግዲህ የአማርኛ ብቻ አይደለም።

ነጋዴው ግን ከጥንት ጀምሮ ይለይ ነበር። በአንደኛው ምዕት ዓመት በግሪክኛ የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የጉዞ መጽሐፍ ወደ አዱሊስ ወደብ የሚገቡትን ሸቀጦች ሲዘረዝር ናስንና መዳብን ለየብቻ ያስቀምጣል። ናሱ ለጌጥ ይውላል፤ እየተቆረጠም በገንዘብ ፈንታ ያገለግላል። ለስላሳው የመዳብ ዝርግ ደግሞ የማብሰያ ዕቃ ይሠራበታል፤ ለሴቶችም አምባርና አልቦ ይወጣዋል። ከሦስተኛው ምዕት ዓመት ማብቂያ አንሥቶ የአክሱም ነገሥታት በወርቅ፣ በብርና በመዳብ ገንዘብ አሳትመዋል፤ ከመዳቡም ገንዘብ አንዳንዱ በወርቅ የተለበጠ ነበር።

በሕንፃ ሥራ የመዳብ ታሪክ ረጅም ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ25ኛው ምዕት ዓመት በግብፅ አቡሲር በተሠራው የንጉሥ ሳሁሬ የቀብር ቤተ መቅደስ ውኃ ማስወገጃው የመዳብ ቧንቧ ነበር። መዳብ በቀላሉ ይጠፈጠፋል፣ ይታጠፋል፤ አየርና ዝናም ሲያገኘውም አረንጓዴ ሽፋን ያወጣና ያ ሽፋን ውስጡን ከመበላት ይጠብቀዋል። ለጣሪያ ክዳን የተመረጠውም በዚህ ነው። ሆኖም ከብረት ጋር እርጥበት ባለበት ሲነካካ ብረቱ ፈጥኖ ይበላል። እ.ኤ.አ. በ1886 በኒውዮርክ የተመረቀው የነፃነት ሐውልት ለዚህ ምስክር ነው። 2.4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ልብሱ በብረት አጽም ላይ የተሰፋ ሲሆን፣ በመካከላቸው የገባው መለያ እያረጀ ሲሄድ ብረቱ ዛገ፤ ከ1984 እስከ 1986 በተደረገው እድሳት መዳቡን ደግፈው የያዙት ብረቶች በማይዝግ ብረት ተተኩ።

በኢንዱስትሪ መዳብን ከፍ ያደረገው ኤሌክትሪክ ነው። ፋራዴይ በ1831 የማግኔት ኃይል በሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደሚያስነሣ አሳየ፤ ኤዲሰን በ1882 በኒውዮርክ ያቆመው የኃይል ማመንጫም መብራቱን ያከፋፈለው ከመንገድ በታች በተቀበሩ የመዳብ መሥመሮች ነበር። ኤሌክትሪክን በማስተላለፍ መዳብን የሚበልጠው ብር ብቻ ሲሆን፣ ብር ውድ ነው። አልሙኒየም በክብደቱ ቅለትና በዋጋው ርካሽነት የረጅም ርቀት መሥመሮችን ቢወስድም፣ በሞተር፣ በትራንስፎርመርና በቤት ውስጥ መሥመር መዳብ ቦታውን አለቀቀም። ነሐስ ጠንካራና መፋተግን የሚችል በመሆኑ ለደወልና ለማሽን ኩሽኔት ይመረጣል፤ ናስ ለመቅረጽ ስለሚመች ቁልፍ፣ ብሎንና የቧንቧ መክፈቻ ይሠራበታል። በ1969 ዓ.ም. የወጡት የኢትዮጵያ ባለ 5 እና ባለ 10 ሳንቲሞችም የናስ ነበሩ።

ትርጓሜውን የሚያስቸግር ሌላ ቃል አለ፤ እርሱም «ቆርቆሮ» ነው። ነሐስ «መዳብና ቆርቆሮ» ሲባል አንባቢው የቤት ክዳንን ያስባል። የቤት ክዳኑ ግን ዚንክ የተቀባ ብረት ነው፤ ዚንክ ደግሞ ከመዳብ ጋር ሲቀየጥ ናስን እንጂ ነሐስን አይሰጥም። ስለዚህ በሙያ ጽሑፍ ማዕድኑን «ቆርቆሮ»፣ ክዳኑን «የክዳን ቆርቆሮ» ብሎ መለየት ያስፈልጋል።

ከዚህ በመነሣት የሚከተለው አፈታት ይመከራል።

መዳብ፦ ቀላ ያለ፣ ያልተቀየጠ ማዕድን፤ ሙቀትንና ኤሌክትሪክን በሚገባ የሚያስተላልፍ።
ነሐስ፦ በዋናነት የመዳብና የቆርቆሮ ቅይጥ።
ናስ፦ የመዳብና የዚንክ ቅይጥ፤ መልኩ ወደ ቢጫ የሚያደላ።

የጥንት ጽሑፍ ሲተረጎም የቀደመው አጠራር ሊጠበቅ ይገባዋል፤ ለሙያ መጽሐፍ ግን ሦስት ስም ለሦስት ነገር መሆን አለበት። ስሞቹን ከውጭ መበደር አላስፈለገንም፤ በእጃችን ያሉትን ለየቦታቸው መመደብ ብቻ ይበቃል።