ከሸክላው በስተጀርባ ያለ እጅ፤ የጄምስ ድዊት ያንሲ ሕይወትና ሥራ

አንድ ዘፈን ሲወደድ በሕዝብ አፍ የሚነሣው የዘፋኙ ስም ነው። ሸክላውን የገዛ ሰው የዘፋኙን ፎቶግራፍ ይመለከታል፤ ከሽፋኑ ጀርባ በደቃቅ ፊደል የተጻፉትን ስሞች ግን የሚያነብ ጥቂት ነው። በአሜሪካ ሂፕ ሆፕ በተባለው ሙዚቃ ስማቸው እንዲህ በደቃቅ ፊደል ከሚጻፉት ሰዎች አንዱ ፕሮዲዩሰር ይባላል። ይህ ቃል በፊልም ሥራ ገንዘብ አውጥቶ የሚያሠራውን ሰው ያመለክታል፤ በሂፕ ሆፕ ግን ትርጉሙ ሌላ ነው። ፕሮዲዩሰር ማለት የከበሮውን ምት የሚደረድር፣ ከአሮጌ ሸክላ ቁራጭ ድምፅ መርጦ የሚቀጥል፣ ባለ ግጥሙ የሚቆምበትን ሙዚቃ በሙሉ የሚያሰናዳ ሰው ነው። በዚህ ጽሑፍ ከነዚህ ባለሙያዎች መካከል የአንዱን፣ የዲትሮይቱን ተወላጅ የጄምስ ድዊት ያንሲን ሕይወትና ሥራ እንመለከታለን። ከሕይወት ታሪኩ ጋርም ሦስት ነገሮች ሥራውን ከሰው ዓይን እንዴት እንደ ጋረዱት ለማሳየት እንሞክራለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ያንሲ ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1974 በሚቺጋን ክፍለ ግዛት በዲትሮይት ከተማ ተወለደ። የሂፕ ሆፕ ልደት ተብሎ የሚቈጠረው ክላይቭ ካምቤል፣ በቅጽል ስሙ ዲጄ ኩል ሃርክ፣ ኦገስት 11 ቀን 1973 በኒው ዮርክ በብሮንክስ ሠፈር ሸክላ ያጫወተበት ግብዣ ነው፤ እንግዲህ ሙዚቃው ልጁን የሚበልጠው በስድስት ወር ያህል ብቻ ነበር። ዲትሮይት የአውቶሞቢል ፋብሪካዎች ከተማ ናት። በ1950 የሕዝቧ ቍጥር 1,850,000 ያህል ነበር፤ በ2000 ግን ከ960,000 በታች ወርዶ ተገኘ። ቤሪ ጎርዲ በ1959 ያቋቋመው ሞታውን የተባለው የሸክላ ኩባንያም ዋና መሥሪያ ቤቱን በ1972 ወደ ሎስ አንጀለስ አዛወረ። ስለዚህ ያንሲ በተወለደበት ዘመን እንጀራውም ሙዚቃውም ከከተማዋ እየወጡ ነበር። ያልወጡት በየቤቱ የተከማቹት ሸክላዎችና ሙዚቃ አዋቂ የሆኑ ነዋሪዎች ናቸው።

የያንሲ ቤተሰብ ይኖርበት የነበረው ኮናንት ጋርደንስ ጥቁር አሜሪካውያን ቤት ገዝተው ከሠፈሩባቸው የከተማዋ ክፍሎች አንዱ ነው። ስሙም በ1837 የዲትሮይት ፀረ ባርነት ማኅበር ሲቋቋም መሪ ከነበሩት ከሹቤል ኮናንት የተወሰደ ነው። እናቱ ሞሪን ያንሲ የኦፔራ ዜማ ያውቁ ነበር፤ አባቱ ቤቨርሊ ድዊት ያንሲ ደግሞ የጃዝ ባስ ተጫዋች ነበሩ። ልጁ በፐርሺንግ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለ በኋላ ስለም ቪሌጅ በተባለው ቡድን አብረውት ከሠሩት ከቲ ስሪና ከባቲን ጋር ተገናኘ። ስለ መሣሪያው አጠቃቀም ያስተማረው ግን የዚያው ሠፈር ሰው አምፕ ፊድለር ነው። ፊድለር በጆርጅ ክሊንተን ባንድ ውስጥ ኪቦርድ የሚጫወት ሲሆን፣ በቤቱ ያለውን የመቅረጫ ክፍል ለሠፈሩ ወጣቶች ክፍት አድርጎ ነበር። በ1994ም ሎላፓሉዛ በተባለው ተዘዋዋሪ የሙዚቃ ትርኢት ጊዜ ተማሪውን ከኪው ቲፕ ጋር አስተዋወቀው። ኪው ቲፕ ኤ ትራይብ ኮልድ ክዌስት ከተባለው ዝነኛ የኒው ዮርክ ቡድን ዋና ሰዎች አንዱ ነበር። የያንሲ ሙዚቃ ከሠፈሩ ወጥቶ በሰፊው መሰማት የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው።

ወደ ዋናው ጉዳያችን ከመግባታችን በፊት ስለ መሣሪያው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ሮጀር ሊን የተባለ አሜሪካዊ ጊታር ተጫዋችና መሐንዲስ በ1980 የእውነተኛ ከበሮ ድምፅ በውስጡ የተቀረጸበት የምት መሣሪያ አወጣ፤ በ1988 ደግሞ አካይ ከተባለው የጃፓን ኩባንያ ጋር ኤም ፒ ሲ 60 የተባለውን፣ በ1994ም ኤም ፒ ሲ 3000ን ሠራ። በመሣሪያው ፊት ላይ አሥራ ስድስት የጎማ ንጣፎች አሉ። ባለሙያው ከሸክላ የቀነጠበውን ድምፅ በየንጣፉ ላይ ያስቀምጥና በጣቱ እየመታ ያሰማዋል፤ መሣሪያውም ምቱን ተቀብሎ ይደጋግመዋል። ሠሪው ጥቂት ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ቢመታ መሣሪያው ስሕተቱን አርሞ በእኩል መሥመር ላይ ያኖርለታል። ይህም ማረሚያ ለብዙዎች ትልቅ ጸጋ መሰላቸው። ነገር ግን በሠርግ ቤት ጭብጨባ የሰማ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የመቶ ሰው እጅ በአንድ ቅጽበት አያርፍም፤ የጭብጨባው ሙቀትም የሚመጣው ከዚያች ጥቂት መለያየት ነው። መሣሪያው ምቱን ሲያቃና ይህን ሙቀት አብሮ ይወስደዋል።

እንግዲህ የመጀመሪያውን መጋረጃ እንመልከት፤ ይኸውም የማኅበር ስም ነው። በ1995 ፋርሳይድ የተባለው የሎስ አንጀለስ ቡድን ባወጣው ሁለተኛ አልበም ላይ ያንሲ ብዙ ዘፈኖችን ሠራ። ከነሱም በጣም የታወቀው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከተቀረጸ የስታን ጌትዝና የሉዊዝ ቦንፋ ሙዚቃ በተወሰደ የጊታር ቁራጭ ላይ የታነጸ ነው። በ1996 ለዴ ላ ሶል የአልበማቸውን መጠሪያ ዘፈን ሠራላቸው። በዚያው ዓመት ከኪው ቲፕና ከአሊ ሻሂድ ሙሐመድ ጋር ሆኖ ኡማ በሚል ስም ይሠራ ጀመር። ኡማ የዐረብኛ ቃል ሲሆን የአማኞች ማኅበር ማለት ነው። ማኅበሩ ለወጣቱ በር እንደ ከፈተለት አይካድም። ነገር ግን ሥራው ሁሉ በአንድ ስም ስለ ወጣ፣ ሰሚው የማንን እጅ እንደሚሰማ ለይቶ ማወቅ አልቻለም። ዝናውም አስቀድሞ በስም ወደሚታወቁት ሄደ። የራሱ መጠሪያም ቢሆን አልረጋም ነበር፤ መጀመሪያ ጄይ ዲ ይባል ነበርና በምሕፃረ ስም ከሚመሳሰለው ከጀርሜን ዱፕሪ ለመለየት በ2001 ጄ ዲላ ተባለ።

ሁለተኛው መጋረጃ ስለ ምቱ የሚነገረው ነው። በያንሲ ሙዚቃ ውስጥ ከበሮው ጥቂት የሚንገዳገድ ይመስላል። ብዙዎች ምክንያቱን ሲያስረዱ፣ የመሣሪያውን ማረሚያ ዘግቶ እጁ እንደ መጣለት ይመታ ነበር ይላሉ። ይህ አነጋገር እንደ ምስጋና ቢቀርብም፣ በእኛ አስተያየት ሥራውን ወደ አጋጣሚ ያወርደዋል። ዳን ቻርናስ በ2022 ባሳተመው ሰፊ ጥናት ነገሩን በሌላ መንገድ አስረድቷል። አንድን ምት ከሁለት እኩል ስናካፍለው አካሄዱ ቀጥ ያለ ይሆናል፤ የመጀመሪያውን ክፋይ አስረዝመን ሁለተኛውን ብናሳጥር ግን እንደ ጃዝ የሚወዛወዝ ይሆናል። ያንሲ ሁለቱን አካሄዶች በአንድ ጊዜ አገናኘ፤ አንዱ ድምፅ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ሌላው ይወዛወዛል፤ ሦስተኛው ደግሞ በጣም በጥቂቱ ይቀድማል ወይም ይዘገያል። ይህንም ያደረገው የመሣሪያውን የሰዓት ማስተካከያ በሚገባ አውቆ፣ እያንዳንዱን ድምፅ ለብቻው እያንቀሳቀሰ ነው። ስለዚህ መንገዳገዱ በልክ የተሰፋ ልብስ ያህል የታሰበበት ነበር።

ይህ እውነት መሆኑን ከሚያስረዱት ነገሮች አንዱ ሌሎች ሙዚቀኞች ያደረጉት ነው። ዘ ሩትስ የተባለው ቡድን ከበሮ መቺ አሚር ቶምሰን፣ በቅጽል ስሙ ክዌስትላቭ፣ የያንሲን አመታት ለመልመድ ብዙ እንደ ደከመ ራሱ ተናግሯል። በ2000 የወጣው የዲአንጄሎ ቩዱ የተባለው አልበም ያን አካሄድ በሕያዋን ተጫዋቾች እጅ ለማሰማት የተደረገ ሙከራ ፍሬ ነው። ቀድሞ መሣሪያው ሰውን ለመምሰል ይሠራ ነበር፤ አሁን ደግሞ ሰው በመሣሪያ ላይ የተሠራውን ለመምሰል ይለማመድ ጀመር። በዚያው ዓመት ያንሲ ለኮመን ብዙ ዘፈኖችን ሠራ፤ ከነሱ አንዱ ለግራሚ ሽልማት ታጭቷል። ከስለም ቪሌጅ ጋር የሠራው ሁለተኛ አልበምም በዚያው ዓመት ወጣ።

ሦስተኛው መጋረጃ የሞቱ ታሪክ ነው። ያንሲ በ2002 መጀመሪያ ከአውሮፓ ጉዞ ተመልሶ ታመመ፤ ሐኪሞችም ቲ ቲ ፒ የተባለ ብርቅ የደም ሕመም አገኙበት፤ በኋላም ሉፐስ እንዳለበት ታወቀ። ሥራውን ግን አላቋረጠም። በ2003 ከካሊፎርኒያው ማድሊብ ጋር አንድ አልበም አወጣ፤ ኋላም ወደ ሎስ አንጀለስ ተዛወረ፤ እናቱም አብረውት ሆነው አስታመሙት። በ2005 መጨረሻ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በአውሮፓ ትርኢት አሳየ። ዶናትስ የተባለው አልበሙ ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2006፣ 32 ዓመት በሞላው ዕለት፣ ለገበያ ወጣ። በሦስተኛው ቀን፣ ፌብሩዋሪ 10፣ ዐረፈ።

ከዚህ በኋላ አልበሙ ከሞላ ጐደል በሙሉ በሆስፒታል አልጋ ላይ እንደ ተሠራ የሚናገር ወሬ በዓለም ተሰራጨ። ወሬው ልብ የሚነካ ስለ ሆነ የሚጠይቀው አልተገኘም። ቻርናስ ምስክሮችን ጠይቆ የደረሰበት ግን፣ አብዛኛው ሙዚቃ አስቀድሞ በቤቱ የተሰናዳ መሆኑን፣ ወደ አልበም ርዝመት በማድረሱም ሥራ የአሳታሚው ድርጅት የስቶንስ ስሮው ባልደረባ ጄፍ ጃንክ ድርሻ እንደ ነበረው ነው። አልበሙን ራሱን ብንመረምርም የምናገኘው የረጅም ጊዜ ሐሳብ ነው። 31 አጫጭር ክፍሎች አሉት፤ የመጀመሪያው ክፍል መዝጊያ የሚል ስም ተሰጥቶታል፤ የመጨረሻውም መጨረሻ ከመጀመሪያው ጋር እንዲገጥም ተደርጓል፤ ስለዚህ ሸክላው እንደ ዶናት ክብ ነው። የታመመውን ሰው ትዕግሥት ማድነቅ ይገባል። ሆኖም ሥራውን ሁሉ ለመጨረሻዎቹ ሳምንታት መስጠት፣ ከወጣትነቱ ጀምሮ በየዕለቱ ምድር ቤት ተቀምጦ ሲደክም የኖረበትን ዘመን መርሳት ይሆናል።

ያንሲ ከሞተ በኋላ ስሙ ከበፊቱ ይልቅ ገነነ። እናቱ የሚሠራበትን ኤም ፒ ሲ 3000 ለስሚዝሶኒያን ተቋም ሰጡ፤ በ2016 በዋሽንግተን የተከፈተው የአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪክና ባህል ብሔራዊ ሙዚየምም መሣሪያውን ተቀብሎ ለሕዝብ አሳየ። በ2009 በሎስ አንጀለስ ታይምለስ በሚል ስም በተከታታይ በቀረቡት ኮንሰርቶች አንደኛው የያንሲ ሙዚቃ በኦርኬስትራ ተቀናብሮ ለእናቱ ክብር የተጫወተበት ነበር፤ ሌላው ደግሞ የእኛው ሙላቱ አስታጥቄ ሥራዎቹን ያሰማበት ነው። በዚያው ዓመት የማድሊብ ወንድም ኦ ኖ ከቀድሞ የኢትዮጵያ ሸክላዎች በተቀነጠበ ድምፅ የተሠራ አልበም በስቶንስ ስሮው በኩል አወጣ። የአዲስ አበባ ሸክላ በነዚህ ባለሙያዎች እጅ እንደ ገና ተሰማ ማለት ነው።

ይህ ነገር ለእኛ ጥናት አንድ ጥያቄ ያነሣል። አምኃ እሸቴ በ1969 አምኃ ሪከርድስን ካቋቋመ ጀምሮ ከታተሙት ዘፈኖች የዘፋኞቹን ስም የማያውቅ የለም፤ እንደ ግርማ በየነ ያሉት አቀናባሪዎች የሠሩትን ግን ለይቶ የሚናገር ጥቂት ነው። ከያንሲ ታሪክ የምንማረው፣ የሠራተኛ ድካም በቸልታ ብቻ ሳይሆን በውዳሴም ሊሸፈን እንደሚችል ነው። ተሰጥዎ ነው፣ ተአምር ነው፣ ሲሞት የሠራው ነው እያልን ስናደንቅ እንዴት እንደ ሠራው መጠየቅን እንተዋለን። ስለዚህ ሙዚቃን የሚያጠና ተማሪ ሸክላውን ካዳመጠ በኋላ ሽፋኑን ይገልብጥ፤ በደቃቅ ፊደል የተጻፉትን ስሞች ያንብብ፤ ከዚያም በሕይወት ያሉትን ሠራተኞች ሄዶ ይጠይቅ። አምፕ ፊድለር ራሱ በ2023 መጨረሻ ዐርፏል፤ እንደ እሱ ያሉ ምስክሮች ቃላቸውን ሳይሰጡ ባለፉ ቍጥር ለወሬ የሚቀረው ቦታ ይሰፋል።