ስክሪኑ የተሰበረ ላፕቶፕ እንደ ዴስክቶፕ እንዴት ያገለግላል?

አንድ ላፕቶፕ ከአገልግሎት ውጭ ሲሆን ብዙ ጊዜ የሚበላሸው አካሉ እንጂ ዋናው ክፍሉ አይደለም። ስክሪኑ ይሰነጠቃል፣ ማጠፊያው ይገነጠላል፣ ኪቦርዱ መሥራት ያቆማል ወይም ባትሪው ኃይል መያዝ ያቅተዋል። ለጥገና የሚጠየቀው ገንዘብ ከአሮጌው ላፕቶፕ ዋጋ ጋር ሲቀራረብ ባለቤቱ ዕቃውን ጥግ አስቀምጦ ይረሳዋል። ይሁን እንጂ ማዘርቦርዱ ጤነኛ ከሆነ፣ ላፕቶፑ በውጭ ስክሪን፣ ኪቦርድ እና ማውስ ታግዞ እንደ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ለዓመታት ሊያገለግል ይችላል።

የማዘርቦርዱ ድርሻ

ማዘርቦርድ የኮምፒውተሩ ክፍሎች ሁሉ የሚገናኙበት ሰሌዳ ነው። ፕሮሰሰሩ፣ ራሙ፣ መረጃ የሚቀመጥበት ዲስክ እና የኬብል መሰኪያዎቹ በእርሱ ላይ ያርፋሉ ወይም ከእርሱ ጋር ይያያዛሉ። በአብዛኞቹ ላፕቶፖች ምስል የሚያወጣው ክፍልም እዚያው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ የላፕቶፑ ስክሪን እና ኪቦርድ ቢወገዱም ኮምፒውተሩ ሥራውን መቀጠል ይችላል።

አሠራሩን በምርታቸው ያካተቱ አምራቾችም አሉ። መቀመጫውን በአሜሪካ ሳን ፍራንሲስኮ ያደረገው ፍሬምወርክ ኩባንያ የላፕቶፑን ማዘርቦርድ ለብቻው ይሸጣል። እ.አ.አ በ2022 የሰሌዳውን ልኬት እና የሳጥን ንድፍ ለሕዝብ ክፍት አድርጓል፤ በ2023 ደግሞ ከኩለር ማስተር ጋር በመሆን ሰሌዳው ለብቻው የሚሠራበት ሳጥን ለገበያ አቅርቧል። የሌሎች አምራቾች ሰሌዳዎች ግን በአብዛኛው ለዚህ ታስበው የተሠሩ ስላልሆኑ፣ እያንዳንዱን አስቀድሞ መፈተሽ ያስፈልጋል።

ከመፍታት በፊት መሞከር

አንድም ብሎን ሳይፈታ ላፕቶፑን ከውጭ ስክሪን ጋር በኤችዲኤምአይ ወይም በቪጂኤ ኬብል ማገናኘት፣ በዩኤስቢ ደግሞ ኪቦርድ እና ማውስ መሰካት ይገባል። ዊንዶውስ በተጫነበት ላፕቶፕ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከ«ፒ» ፊደል ጋር በመጫን ምስሉን ወደ ውጭው ስክሪን ማዞር ይቻላል። ምስሉ ከወጣ፣ አስፈላጊ ሰነዶችን ወደ ፍላሽ ዲስክ መገልበጥ ቀጣዩ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ፍተሻ ያለ ባትሪ ማስነሣት ነው። ላፕቶፑ ጠፍቶ ቻርጀሩ ከተነቀለ በኋላ ባትሪው ይወጣል፤ ከዚያም በቻርጀር ብቻ እንዲነሣ ይደረጋል። አንዳንድ ላፕቶፖች ያለ ባትሪ አይነሡም፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። ባትሪው በውስጥ የተገጠመ ከሆነ የጀርባውን ክዳን መክፈት ስለሚጠይቅ ለጥገና ባለሙያ መስጠቱ ይመረጣል።

ሁለት የአሠራር መንገዶች

ቀላሉ መንገድ የተሰበረውን ስክሪን ብቻ አንሥቶ ማዘርቦርዱን በነበረበት የታችኛው አካል ውስጥ መተው ነው። በዚህ ጊዜ ፋኑ፣ የአየር መውጫው እና የማስነሻ ቁልፉ በቦታቸው ይቆያሉ። የዋይፋይ አንቴና ሽቦዎች ግን ብዙውን ጊዜ በስክሪኑ ዙሪያ የተዘረጉ ናቸው። ከስክሪኑ ጋር ከተቆረጡ ዋይፋዩ ይዳከማል፤ ያን ጊዜ የኔትወርክ ኬብል ወይም በዩኤስቢ የሚሰካ የዋይፋይ መቀበያ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው መንገድ ሰሌዳውን አውጥቶ ከእንጨት ወይም ከፕላስቲክ በተሠራ ሳጥን ውስጥ መግጠም ነው። ሰሌዳው ብረት ከነካ ሊቃጠል ስለሚችል በፕላስቲክ ድጋፎች ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት። ፋኑ እና ሙቀት የሚያስወጣው የብረት ክፍል ከፕሮሰሰሩ ላይ መነሣት የለባቸውም። ከተነሡም የሙቀት ማስተላለፊያው ቅባት መታደስ አለበት። የማስነሻ ቁልፉ በአንዳንድ ሞዴሎች በቀጭን ኬብል የተያያዘ ሌላ ክፍል በመሆኑ አብሮ መውጣት ይኖርበታል። ሳጥኑ የአየር ቀዳዳ ሊኖረው፣ በተለይም በእህል ውቂያ ወቅት ከገለባ እና ከአቧራ ሊጠበቅ ይገባል።

መብራት እና ባትሪ

19 ቮልት እና 3.42 አምፔር የሚል ጽሑፍ ያለበት የላፕቶፕ ቻርጀር የሚሰጠው ከፍተኛ ኃይል 65 ዋት ገደማ ነው፤ የውጭው ስክሪን ፍጆታ ለብቻው ይታሰባል። ጤነኛ ባትሪ በቦታው ከቆየ መብራት ሲቋረጥ ስክሪኑ ቢጠፋም ኮምፒውተሩ ሥራውን ይዞ ይቆያል። ባትሪ ከሌለው ግን ያልተቀመጠ ጽሑፍ ወዲያው ይጠፋል። የኅብረት ሥራ ማኅበር የአባላትን ሒሳብ ወይም የማዳበሪያ ሥርጭት የሚመዘግብ ሰው ሥራውን በየጊዜው ሴቭ ማድረግ፣ ቅጂውንም በፍላሽ ዲስክ መያዝ አለበት። መብራት በተቋረጠ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ በሰሌዳው ላይ ያለው ባለ 3 ቮልት የሳንቲም ቅርጽ ባትሪ መቀየር ይኖርበታል፤ ቀኑ ከተሳሳተ ብዙ ድረ ገጾች አይከፈቱም።

ያበጠ ባትሪ ያለ ማመንታት መወገድ አለበት። መውጋት፣ መጫን ወይም እሳት ውስጥ መጣል በድንገት እንዲቀጣጠል እና መርዛማ ጭስ እንዲያወጣ ያደርገዋል። ልጆች ከማይደርሱበት፣ ከሚቀጣጠል ነገርም ከራቀ ቦታ አስቀምጦ ለባለሙያ ማስረከብ ይገባል።

መቼ ያዋጣል?

ወጪው አስቀድሞ መታሰብ አለበት። ስክሪን፣ ኪቦርድ እና ማውስ በቤት ወይም በቢሮ ካሉ ወጪው አነስተኛ ነው። ሁሉንም መግዛት የሚጠይቅ ከሆነ ግን ድምሩን ከአንድ ያገለገለ ዴስክቶፕ ዋጋ ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል። ጭራሽ የማይነሣ ወይም የመቃጠል ሽታ ያለው ሰሌዳ ደግሞ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.አ.አ ጥቅምት 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11ን መጫን ለማይችሉ አሮጌ ሰሌዳዎች እንደ ሊኑክስ ሚንት ያሉ ነጻ ሥርዓቶች አማራጭ ናቸው። ሊኑክስ ሚንት 4 ጊጋባይት ራም ይመከርለታል፤ በአማርኛም ያስጽፋል።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ተቋማት ያወጡት ሪፖርት እንደሚያሳየው እ.አ.አ በ2022 በዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ተፈጥሯል። በአግባቡ መሰብሰቡና መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ ነው። ከላፕቶፑ የተረፉ ክፍሎች በማሳ ወይም በወንዝ ዳር ሲጣሉ በውስጣቸው ያሉ እንደ እርሳስ ያሉ ብረቶች አፈርን እና ውኃን ይበክላሉ። ለጥገና ቤት ቢሰጡ ግን አንዱ ላፕቶፕ ለሌላው መለዋወጫ ይሆናል።