በቴሌቪዥን የታየ ፍርሃት

ባሕሪ ሳለን ማታ ማታ መብራት ሲጠፋ አልጋችንን ወደ ግቢ አውጥተን እንጨዋወት እንደ ነበር የሚያስታውስ ከመካከላችን አይጠፋም። አንድ ምሽት ከጓደኞቻችን አንዱ በቴሌቪዥን ያየውን ሣይንሳዊ ልብ ወለድ ተረከልን። ታሪኩ እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም፤ ምክንያቱን ልመርምር ብዬ ብዕሬን አነሣሁ። ዘመኑ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።

ታሪኩ በየካቲት 1952 ዓ.ም. በአሜሪካ የታየ፣ የሮድ ሰርሊንግ ድርሰት ነው። በአንድ ሰላማዊ መንደር ላይ የሚያበራ ነገር ያልፋል፤ ወዲያው መብራቱ፣ ስልኩ፣ መኪናው ሁሉ ቀጥ ይላል። አንድ ልጅ፣ ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን ሰው መስለው በመካከላችን ይኖራሉ ይላል። የአንዱ ሰው መኪና በራሱ ሲነሣ ጎረቤት ጎረቤቱን ይጠረጥር ጀመር። በጨለማ የሚመጣ ሰው ታየ፤ ጭራቅ ነው ብለው ተኩሰው ገደሉት። ሟቹ የገዛ ጎረቤታቸው ነበር። ከኮረብታ ላይ የሚመለከቱት እንግዶች ግን መብራትና መኪና ከማጥፋትና ከማብራት በቀር የሠሩት ነገር የለም።

ይህን የማይረሳ ያደረገው፣ መንደሩ የማንኛችንም መንደር መምሰሉ ነው። ጭራቁ እስከ መጨረሻው አይታይም፤ ተመልካቹም «እኔስ ብሆን ምን አደርግ ነበር?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል።

በአገራችን ከዚህ የበለጠ የሚያስፈራ ፊልም ታይቷል፤ ያውም ልብ ወለድ ያልሆነ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ጋዜጠኛው ጆናታን ዲምብልቢ መንግሥት የደበቀውን የወሎ ረሃብ ቀርጾ ለእንግሊዝ ሕዝብ አሳየ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ደግሞ ደርግ ያንኑ ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አቀረበው። በረሃብተኞቹ ምስል መካከል የቤተ መንግሥት ድግስና ለውሾች የሚሰጥ ሥጋ ተቀጥሎበት ነበር። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወርደው በቮልስዋገን ተወሰዱ።

ልብ በሉ፤ የቤተ መንግሥት ድግስ እንግዳ ነገር አልነበረም፤ የረሃቡም ወሬ በየቤቱ ይንሾካሾክ ነበር። ያስደነገጠው የሁለቱ መገናኘት ነው። በአንዱ ምስል የሚጎርስ፣ በሌላው የሚሞት ሲታይ ሒሳቡን የሚያወራርደው ራሱ ተመልካቹ ነው። በራሱ የደረሰበትን ፍርድ ደግሞ ማንም አይረሳም።

ፊልሙ እውነት ነበረ። ይሁን እንጂ ቆርጦ የቀጠለው እጅ የራሱ ዓላማ ነበረው። በመስከረም 1977 ዓ.ም. ያው ደርግ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲያከብር ሰሜኑ በረሃብ ያልቅ ነበር። በጥቅምት ወር መሐመድ አሚን ኮረም ላይ የቀረጸው ምስል በቢቢሲ ታይቶ ዓለምን አስደነገጠ። ያን ጊዜ ግን ድግሱንና ረሃቡን ጎን ለጎን የሚቀጥል ሰው በአገር ቤት ቴሌቪዥን አልተገኘም።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ይህ ለእኛም ይሠራል። በካምፕ ውስጥ መብራት ሲጠፋ፣ ራሽን ሲዘገይ፣ «እገሌ የእነእገሌ ሰላይ ነው» የሚል ወሬ ፈጥኖ ይነሣል። ያን ጊዜ ጎረቤታችንን ከመጠርጠራችን በፊት ወሬውን ማን እንደቀጠለው፣ ምንስ እንደቆረጠበት እንጠይቅ። በሜፕል ጎዳና ይህን የጠየቀ ጥቂት ነበር፤ የሰማው ግን አልነበረም።

ቸር ወሬ ያሰማን።